ግሉታታዮን አንደኛ ወጣ ተባለ፣ ግን በየትኛው ፈተና? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሦስት ሰው የላከልኝ ጽሑፍ አለ። ስለ ቲዮሎች ነው፣ ማለትም ጫፋቸው ላይ ድኝና ሃይድሮጅን የተያያዘባቸው እንደ ግሉታታዮን፣ ሲስቴይንና ኤን አሲቲል ሲስቴይን ያሉ አንቲኦክሲደንቶች (የመጨረሻውን ከዚህ በኋላ ናክ እለዋለሁ፣ ሙሉ ስሙን ሁሌ መጻፍ ይደክማል)። ያላነበባችሁት እንዳትቸገሩ ባጭሩ የሚለው ይሄ ነው፦ ከተለያዩ ላቦች የዲፒፒኤች ቁጥሮች (አንቲኦክሲደንትን የሚለካ የቀለም ፈተና ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ) ሰብስቦ በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሯል፣ ግሉታታዮን አንደኛ ናክ ደግሞ ጭራ ወጥቷል፣ ፍራፕ በሚባለው ፈተና ግሉታታዮን ስለወደቀ ያንን «የመለኪያ ስህተት» ብሎ ጥሎታል፣ ግሉታታዮን ሃይድሮክሲል ራዲካልን (ራዲካል ማለት ያልተጣመረ ነጠላ ኤሌክትሮን ያለው ነገር ነው)፣ ሱፐርኦክሳይድንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ሁሉ በቀጥታ ያጠፋል ይላል፣ ራዲካሉ ከጠፋ በኋላም ጉዳዩ አለቀ ይላል፣ በመጨረሻም ናክ በፓራሲታሞል ለተመረዘ ሰው መሰጠቱን ለራዲካል ገዳይነቱ ማስረጃ አድርጎ አምጥቷል (ያው ጭራ የወጣው ናክ!)።

ጸሐፊው ለፍተዋል፣ ያ ይታያል። ግን አንድ ቁጥር ስትጽፍ የየትኛው ራዲካል፣ በስንት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው)፣ በስንት ደቂቃ፣ በምን ያህል ክምችት እንደሆነ ካልጻፍክ ያ ቁጥር የንጥረ ነገሩ ባሕርይ ሳይሆን የዛ ቀን ሙከራ ባሕርይ ነው። ቲዮል ላይ ደግሞ ይሄ ከሌላው አንቲኦክሲደንት ሁሉ ይብሳል። እስቲ ተራ በተራ እንሂድ።

ሰንጠረዡ

ዲፒፒኤች ማለት ራሱ ፍሪ ራዲካል ሆኖ ግን እንደ ሌላው ራዲካል ወዲያው የማይጠፋ፣ ዱቄቱ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው። ሜታኖል ውስጥ ስታሟሟው ደማቅ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ አንቲኦክሲደንት ስትጨምርበት እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ የቀረውን በ517 ናኖሜትር ታነባለህ፣ በቃ። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይሰራዋል፣ እኔም ሰርቼዋለሁ። ብሎይስ እ.ኤ.አ. በ1958 ዘዴውን ሲያወጣ ራሱ የሞከረው ሲስቴይንን ነው፣ ስለዚህ ለቲዮል አይሆንም እያልኩ አይደለም።

ችግሩ አይሲ 50 የሚባለው ቁጥር ላይ ነው፣ የዲፒፒኤቹን ግማሽ ለማጥፋት የሚያስፈልገው የአንቲኦክሲደንት መጠን ማለት ነው። አንድ ቲዮል አንድ ዲፒፒኤች ያጠፋል፣ ከዛ ሁለቱ የተራረፉ የድኝ ራዲካሎች ተያይዘው ዳይሰልፋይድ ይሆናሉ። እንግዲህ አንዱ ላብ በ100 ማይክሮሞላር (ሞላር የክምችት መለኪያ ነው) ዲፒፒኤች ከጀመረ ሪአክሽኑ እስከ መጨረሻው ቢሄድ አይሲ 50 ከ50 ማይክሮሞላር በታች ሊወርድ አይችልም፣ ሌላው ላብ በ200 ከጀመረ 100 ያገኛል፣ ያው ግሉታታዮን፣ ያው ጠርሙስ፣ ግን «ጥንካሬው» በግማሽ ወረደ ይባላል ማለት ነው። አንዱ 10 ደቂቃ ጠብቆ ሲያነብ ሌላው 30 ደቂቃ ሲጠብቅ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ጽሑፉ እንደዚህ ያሉ ቁጥሮችን አንድ ላይ ደርድሮ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ ብሎ ሸለመ። የተለያየ ርቀት የሮጡ ሰዎችን ሰዓት አንድ ላይ ጽፎ ፈጣኑን እንደ መምረጥ ነው።

ጽሑፉ ውስጥ ቫይታሚን ሲ «ከግሉታታዮን እጥፍ ጠንካራ» የተባለውም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ቫይታሚን ሲ በአንድ ሞለኪውል ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ ነው፣ ግሉታታዮን አንድ። ይሄ የብዛት ጉዳይ እንጂ የጥንካሬ ጉዳይ አይደለም። ፍጥነትን አይሲ 50 አይነግርህም፣ ማን እንደጨረሰ እንጂ ማን እንደቀደመ አያሳይም።

ሌላው ዲፒፒኤች እኮ ሰውነት ውስጥ የለም። ነጠላዋ ኤሌክትሮን ናይትሮጅን ላይ ነው ያለችው፣ ዙሪያዋን ትልልቅ ቀለበቶች ስለከበቧት ትንሽ ሞለኪውል ቀርባ ስትደርስ ትልቁ በር ላይ ይቀራል። ትንሿ ሲስቴይንና ሦስት አሚኖ አሲድ ያለው ግሉታታዮን እኩል በር አላገኙም።

ናክ ሰነፍ ነው ወይ?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጽሑፉ ሁሉ ይሄ ነው የቆጨኝ፣ መልሱ ደስ የሚል ሆኖ ሳለ «ናክ ደካማ ነው» ተብሎ ታለፈ።

ቲዮል ብዙውን ስራ የሚሰራው ሃይድሮጅኗን ጥሎ ቲዮሌት የሚባለው ኔጋቲቭ ቅርጽ ላይ ሲሆን ነው። ስንት እጁ ቲዮሌት እንደሆነ የሚወስነው ፒኬኤው ነው፣ ማለትም ግማሹ ሃይድሮጅኑን የሚጥልበት ፒኤች። የሲስቴይን 8.3 አካባቢ ነው፣ የግሉታታዮን 8.8 ገደማ፣ የናክ 9.5። በሰውነት ፒኤች 7.4 ላይ ስናሰላው ከሲስቴይኑ 11 በመቶ ያህሉ ቲዮሌት ነው፣ ከግሉታታዮኑ 4 በመቶ ገደማ፣ ከናክ ግን 1 በመቶ እንኳን አይሞላም።

አሁን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ያላቸውን ፍጥነት ተመልከቱ፣ በሞላር በሰከንድ ሲስቴይን 2.9፣ ግሉታታዮን 0.9፣ ናክ 0.16። ሰንጠረዥ የሚወድ ሰው ወዲያው «ሲስቴይን ከናክ 18 እጥፍ ይበልጣል» ይላል። ግን እያንዳንዱን ለቲዮሌት ድርሻው አካፍሉት፦ 26፣ 24፣ 20። አለቀ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል! ናክ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ በዛ ፒኤች ላይ አብዛኛው ሃይድሮጅኑን እንደያዘ ስለተቀመጠ ነው። ፒኤቹን ከፍ አድርገህ ብትለካ ልዩነቱ ይጠባል፣ ዝቅ ብታደርግ ሁሉም ይተኛሉ። እንግዲህ «የማን ደረጃ ስንት» የሚለው ጥያቄ ሲጠየቅ ፒኤቹ አብሮ ካልተጻፈ ምን ማለት ነው? ጽሑፉ ውስጥ ፒኤች የሚል ቃል አንዴም የለም፣ ፈልጌ አጣሁት።

ፍራፕ የመለኪያ ስህተት ነበር?

አልነበረም፣ መለኪያው የታዘዘውን ሰራ። ፍራፕ (እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው) ሦስት ፖዘቲቭ ያለውን ብረት ወደ ሁለት መቀነስ ነው የሚለካው፣ ሰማያዊ ቀለም ይወጣና በ593 ናኖሜትር ይነበባል። የሚሰራው ግን በፒኤች 3.6 ነው፣ ብረቱ ሟሙቶ እንዲቆይ። ቅድም ያልነውን ስሌት በ3.6 ስሩት፣ ከአንድ ሚሊዮን የግሉታታዮን ሞለኪውል ቲዮሌት ሆኖ የሚገኘው ስድስት ገደማ ነው። ስድስት! እጁን አስረህ ተደባደብ ብለህ ተሸነፈ ማለት ነው። ለዛም ነው ፍራፕ ግሉታታዮንን የማያይ መሆኑ በዘዴው ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀው። ደግሞ ፍራፕ ውስጥ ራዲካል የሚባል ነገር የለም፣ ብረት ነው የሚቀነሰው።

ስለዚህ ጸሐፊው ውጤቱን በመጣላቸው ትክክል ናቸው፣ ምክንያታቸው ግን ስህተት ነው፣ ያ ምክንያት ሰንጠረዡም ላይ መስራት ነበረበት። ቲዮልን በዚህ ዓይነት ቀለም የሚለካ ፈተና የፈለገ ሰው ኩፕራክ የሚባለው አለ፣ አፓክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት፣ በብረት ፈንታ መዳብ ይጠቀማል፣ በፒኤች 7 ይሰራል፣ በ450 ናኖሜትር ይነበባል፣ ግሉታታዮንን ያያል። እሱም ቢሆን ራዲካል አይለካም፣ ኤሌክትሮን የመስጠት አቅምን ነው።

«በሴኮንድ 13 ቢሊዮን»

ግሉታታዮን ከሃይድሮክሲል ራዲካል ጋር ያለው ፍጥነት 13 ቢሊዮን በሞላር በሰከንድ ነው፣ ጽሑፉ ይሄን በደማቁ ጽፎታል፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አልጨቃጨቅም። ግን ሃይድሮክሲል ራዲካል መራጭ አይደለም፣ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚበላው። ስኳር እንኳን፣ ግሉኮስ፣ 1.5 ቢሊዮን ነው። ኤታኖል 1.9 ቢሊዮን። በዚህ መስፈርት አልኮልም የተከበረ አንቲኦክሲደንት ሊባል ነው።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ በክምችቱ ሲባዛ ነው። ሴል ውስጥ ግሉታታዮን ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር ነው፣ 5 እንያዝ። 5 ሚሊሞላር በ13 ቢሊዮን ሲባዛ በሰከንድ 65 ሚሊዮን ይመጣል፣ ብዙ ይመስላል አይደል? ግን ሃይድሮክሲል ራዲካል ሴል ውስጥ የሚኖረው አንድ ናኖሰከንድ ገደማ ነው፣ ያ ማለት በዙሪያው ያለው ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ዲኤንኤ፣ የሽፋን ቅባት ተደምሮ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ያህል ይስበዋል። ግሉታታዮን ከ100 ራዲካል ስድስት ሰባቱን ያገኛል፣ የቀሩት ዘጠና ምናምን ከአጠገባቸው ያለውን ይመታሉ። ግሉታታዮኑን እጥፍ ብታደርገው እንኳን አስራ ሁለት አስራ ሦስት ገደማ ነው፣ ያም ቢሆን ሴል ግሉታታዮኑን እንዲሁ እጥፍ ሲያደርግ አይታይም። ስለዚህ «የሃይድሮክሲል ጠባቂ» የሚለው ማዕረግ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሃይድሮክሲልን የምትከላከለው ከተወለደ በኋላ በማሳደድ ሳይሆን እንዳይወለድ በማድረግ ነው፣ ማለትም ፐርኦክሳይዱን ቀድሞ በማጽዳትና ነጻ ብረት እንዳይገኝ በማድረግ፣ ሃይድሮክሲል የሚወለደው ሁለቱ ሲገናኙ ነውና።

ሱፐርኦክሳይድና ፐርኦክሳይድ

ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ነገር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ፍሪ ራዲካል አይደለም፣ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ የተጣመሩ ናቸው፣ ጽሑፉ አራት ቦታ ላይ ራዲካል ብሎታል። ሁለተኛ፣ 5 ሚሊሞላር ግሉታታዮን በ0.9 ፍጥነት ብቻውን ቢታገል የፐርኦክሳይዱን ግማሽ ለማጥፋት ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ፐርኦክሲሬዶክሲን የሚባለው ኢንዛይም ግን ፍጥነቱ 10 ሚሊዮንና ከዛ በላይ ነው፣ 20 ማይክሮሞላር ብቻ ብታስቀምጥ ያንኑ በሦስት ሚሊሰከንድ ተኩል ይጨርሰዋል። ከአርባ ሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ሱፐርኦክሳይድ ላይም ያው ነው፣ ግሉታታዮን ቢበዛ በሺህ ደረጃ ነው የሚሄደው፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ግን 2 ቢሊዮን። በቀጥታ ገዳይነት ግሉታታዮን እዚህ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ይሄ ግሉታታዮንን ማሳነስ አይደለም! ግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ያለ ግሉታታዮን አይሰራም፣ ኤሌክትሮኑን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ስራው የኢንዛይሞች ስንቅ መሆን ነው። ስንቁን ተዋጊ አድርገህ ስትመዝነው ነው ሂሳቡ የሚበላሸው።

«ራዲካሉ ከጠፋ አለቀ»

የለም፣ አላለቀም፣ ገና ነው የሚጀምረው። ቲዮል ለራዲካሉ ሃይድሮጅን ወይ ኤሌክትሮን ሲሰጥ ራሱ ቲይል ራዲካል ይሆናል፣ ነጠላዋ ኤሌክትሮን ድኙ ላይ ተቀመጠች ማለት ነው። ራዲካልነት ተላለፈ እንጂ አልጠፋም። ይሄ ቲይል አጠገቡ ያለ ቲዮሌት ካገኘ ይጣበቅበትና የዳይሰልፋይድ ራዲካል አኒየን ይሆናል፣ ይሄኛው ኤሌክትሮን ለመስጠት በጣም የሚቸኩል ስለሆነ ኦክሲጅን ሲያገኝ ወዲያው ይሰጠዋል፣ ኦክሲጅኑ ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። አያችሁት? ራዲካል ልታጠፋ ጀምረህ ሱፐርኦክሳይድ ፈጠርክ። ከዛ ዲስሙቴዝ ሱፐርኦክሳይዱን ወደ ፐርኦክሳይድ ይቀይራል፣ ፐርኦክሳይዱን ደግሞ ኢንዛይም በግሉታታዮን ያጸዳል። ቫይታሚን ሲ ካለ ቲይሉን መንገድ ላይ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱ በመቶ ሚሊዮኖች ነው። ማለት የግሉታታዮን ራዲካል ማጥፋት ከኋላው የሚያጸዳለት ሰንሰለት ካለ ብቻ ነው ማጥፋት የሚባለው፣ ዲስሙቴዝ በሌለበት ቱቦ ውስጥ ግን ያው ሱፐርኦክሳይድ ተመልሶ ሌላ ቲዮል እያጠቃ ሊዞር ይችላል።

የዲፒፒኤች ቱቦ ይሄን ሁሉ አያይም። ቀለሙ ደበዘዘ፣ ቁጥር ተጻፈ፣ ቲዮሉ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በሙከራ ጊዜ የሚጠፋውን ኦክሲጅን የማትለካ ከሆነና መጨረሻ ላይ ስንቱ ዳይሰልፋይድ እንደሆነ ካልቆጠርክ ግማሹን ታሪክ ነው ያየኸው። በጽሑፉ ውስጥ የኤልማን ፈተናም «አቅምን የሚለካ» ተብሏል፣ እሱ ግን ስንት ነጻ ቲዮል እንደቀረ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ በ412 ናኖሜትር ቢጫ ቀለም። ለዚህ ለቆጠራው በጣም ጥሩ ነው፣ ጥንካሬ ግን አይነግርህም።

የፓራሲታሞሉ ማስረጃ

ናክ ለፓራሲታሞል መመረዝ መድኃኒት ነው፣ በተለይ በስምንት ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ በደንብ ይሰራል፣ እውነት። ግን ጉበት ላይ ጉዳቱን የሚያመጣው ፓራሲታሞል ሲቃጠል የሚወጣ ናፕኪ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ራዲካል ሳይሆን ቲዮል ላይ የሚጣበቅ ኤሌክትሮን ፈላጊ ነው። ግሉታታዮን ይጣበቅበትና ያስወጣዋል፣ ግሉታታዮኑ ሲያልቅ ጉበት ይጎዳል፣ ናክ ሲስቴይን ሆኖ አዲስ ግሉታታዮን እንዲሰራ ያቀብላል። በጽሑፉ ሰንጠረዥ ጭራ የወጣው ናክ ሆስፒታል ውስጥ ሰው ማዳኑ ራሱ ሰንጠረዡ ምን ያህል እንደሚያሳይ ይናገራል።

ታዲያ እንዴት ይለካ?

ትችት ብቻ እንዳይሆን። መጀመሪያ ብረትና መዳብን አጽዳ። እኔ አንዴ ሲስቴይን በባፈር (ፒኤቹን ጠብቆ በሚያቆይ ፈሳሽ) አሟሙቼ ማታ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ፣ ጠዋት ስለካው ግማሹ የለም፣ ጠርሙሱ ውስጥ በነበረ የመዳብ ርዝራዥና በአየር ኦክሲጅን ሌሊቱን ሙሉ ሲቃጠል አድሮ፣ ደግሞ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመርታል፣ ማለትም አንቲኦክሲደንቴ ሌሊት ኦክሲደንት ሲሰራ ነበር። ሁለት ቀን የ«ደካማ ሲስቴይን» ውጤት ይዤ ስጨነቅ ከረምኩ። ስለዚህ ብረት የሚይዝ ነገር ጨምር፣ ቲዮሉን በሰዓቱ አሟሙ፣ ከሙከራው በፊት በኤልማን ቁጠረው (እዚህ ጋ ነው ኤልማን ቦታው)።

ከዛ ራዲካሉን ምረጥ። ሃይድሮክሲል ከፈለግክ ንጹሁ መንገድ ውሃን በጨረር ምት መትቶ ራዲካሉን መፍጠርና እንደ ታዮሳያኔት ካለ ፍጥነቱ ከሚታወቅ ነገር ጋር ማሽቀዳደም ነው፣ ማሽኑ ግን በየቦታው አይገኝም። በብረትና ፐርኦክሳይድ ከፈጠርከው ተጠንቀቅ፣ ቲዮሉ ራዲካሉን ሳይነካ ብረቱን ይዞ ወይ ፐርኦክሳይዱን በልቶ «አጠፋሁ» ሊያስመስል ይችላል። ነጠላ ኤሌክትሮን በሚያየው በኢፒአር መሳሪያ፣ ራዲካሉን ይዞ በሚያቆይ ዲኤምፒኦ በሚባል ወጥመድ ስትለካም ያው፣ ምልክቱ የቀነሰው ቲዮሉ ራዲካሉን ቀድሞ ስለያዘው ነው ወይስ ወጥመዱ የያዘውን በኋላ ስላበላሸው? መለያው ቀላል ነው፣ ወጥመዱን እጥፍ አድርግ። እውነተኛ ሽቅድድም ከሆነ የቲዮሉ ተጽዕኖ በሚጠበቀው ልክ መቀነስ አለበት፣ ካልተነቃነቀ ሌላ ነገር እየለካህ ነው።

የአንድ ቁጥር ደረጃ የት እንደሚያደርስ ደግሞ አይተናል፣ ኦራክ የሚባለውን ፈተና ቁጥሮች ይዞ የነበረው የአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ተነስቷል፣ ሻጮች ቁጥሩን ለማስታወቂያ ስለተጠቀሙበትና ቁጥሩ ሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው ስለማይናገር።

ለጸሐፊው የምጠይቀው ሰንጠረዡን እንዲያወርዱት አይደለም። አራት ኮለም ይጨመርበት፣ የዲፒፒኤች መነሻ መጠን፣ አሟሚውና ፒኤቹ፣ የጠበቁት ደቂቃ፣ ቲዮሉ ከሙከራው በፊት ተቆጥሮ እንደሆነ። ምንጮቹ ውስጥ እነዚህ ካልተጻፉ ረድፉ ይውጣ። ግሉታታዮን በሰንጠረዡ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አንዱ የሌላው እጥፍ የሆነበት ቦታ አለ፣ ከዛ ቢጀምሩ ጥሩ ነው፣ የእኔ ግምት የአንደኛው ላብ ዲፒፒኤች መነሻ ከሌላው እጥፍ ነው የሚል ነው።